ከዐውደ ምሕረቱ እስከ ቡናው፦ ምእመናን ከእሑድ ስብከት ምን ይዘው ይመለሳሉ?

በቅድሚያ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝን ነገር ልናገር። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ወቅት፣ በሥነ ልቦና ክፍላችን ስለ ትውስታ በምንማረው ኮርስ አጭር ጽሑፍ እንድናዘጋጅ መምህራችን አዘዙን። ርእሱን የምንመርጠው እኛው ነን። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ፈተና ጥናት ጻፉ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ሰው እሑድ እሑድ ማልዶ ይነሣል፣ ያስቀድሳል፣ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ስብከት ይሰማል። ማክሰኞ ላይ "እሑድ ምን ተማራችሁ?" ቢባል ግን ስንቱ ይመልሳል? እውነቱን ለመናገር መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። "ምንም" የሚል ነበር የጠበቅሁት፤ ሥራዬም ይህንኑ በመማሪያ መጽሐፋችን አስደግፎ መጻፍ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ይህን "ምንም" ያልሁት ትንሽ ቂምም ስለነበረኝ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በግቢ ጉባኤያችን ስለ ገብር ኄር እንዳስተምር ተራ ደርሶኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀሁ። ስለ መክሊቱ፣ ስለ ሦስቱ አገልጋዮች፣ በጥቂቱ መታመን ማለት ምን እንደሆነ በሦስት ዋና ዋና ነጥቦች ከፋፍዬ አቀረብሁ። መሀል ላይ ተማሪው ሲያንቀላፋ ሳይ፣ ወንበር ሥር ወድቆ ያገኘውን የኪስ ቦርሳ ባለቤቱን አፈላልጎ ስለመለሰ አንድ የታክሲ ወያላ አወራሁ። በሳምንቱ አንዱን የዶርም ጓደኛዬን "ትምህርቱ እንዴት ነበር?" አልሁት። "ያ የወያላው ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ!" አለኝ። "ስለ ምን ነበር ያስተማርሁት?" ብለው ትንሽ አሰበና "ስለ... ወያላ አልነበር እንዴ?" አለ። ያን ቀን በጣም ነበር የተናደድሁት። ዛሬ ሳስበው ልጁ ያን ያህል የተሳሳተ አይመስለኝም፤ በጥቂቱ ስለታመነ ሰው ነበር ያስተማርሁት፤ ወያላውም በጥቂቱ የታመነ ሰው ነው። ግን ወደዚህ ሐሳብ ለመድረስ ብዙ ነገር ማለፍ ነበረብኝ።

ወደ ትምህርታችን እንምጣ። ስለ መርሳት ሲነሣ ስሙ የማይቀር ሰው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ይህ ሰው ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በዝርዝር እያዘጋጀ፣ ራሱን በራሱ እየፈተነ፣ ያገኘውን ውጤት በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያሳየው ነገር መርሳት ቀስ እያለ የሚመጣ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተንደርድሮ የሚመጣ መሆኑን ነው። ዝርዝሩን እንደገና ለማጥናት በሚያተርፈው ጊዜ ሲለካው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል፤ ከአንድ ቀን በኋላ የቀረው ሲሶ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ግን መውረዱ ይዘገያል፤ ከወር በኋላም አንድ አምስተኛ ያህል አልጠፋም ነበር። እኔም ይህን ይዤ፣ እሑድ አምስት ሰዓት ላይ የተሰማ ስብከት ምሳ ላይ ግማሽ፣ ሰኞ ጠዋት ሲሶ ይሆናል ብዬ አሰላሁ። ስሌቱ ያምር ነበር። ችግሩ ስብከት ትርጉም የሌለው የቃላት ዝርዝር አለመሆኑ ነው። ሰሚውም ብቻውን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጀርመናዊ አይደለም።

የመረጥሁት እሑድ መጻጉዕ ነበር፤ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የቤተ ክርስቲያናችን አደረጃጀት ራሱ ለትውስታ ምን ያህል እንደተዘጋጀ ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው። የጾሙ እሑዶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። ስሞቹ ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ የተገኙ ናቸው። በየዓመቱ ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ የሚነበበውም ወንጌል በግጻዌ የተወሰነ ነው። ከወንጌሉ በፊት ዲያቆኑ ከመዝሙረ ዳዊት ምስባኩን በዜማ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ምስባክና ስብከት ደግሞ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም "ሰበከ" ከሚለው ይወጣሉ። እንግዲህ ሰባኪው ገና ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሳይወጣ ሰሚው ርእሱን ያውቀዋል ማለት ነው። በዚህ የተነሣ በኋላ ከጠየቅኋቸው ሰዎች ርእሱን የሳተ አንድም አልነበረም። ርእሱን ማወቅና ስብከቱን ይዞ መመለስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በዚያ እሑድ በሰፈራችን ደብር፣ ከወይራው ዛፍ ሥር፣ ሞንታርቦው በሚያስተጋባበት ቦታ ደብተሬን ይዤ ቆምሁ። ፀሐዩ ከባድ ነበር። አንዳንዱ ጥላ ዘርግቷል፣ ሕፃናት ይላቀሳሉ፣ ከበሩ ውጭ ጧፍና ሻማ የሚሸጡት ድምፅ ይሰማል። ሰባኪው ሦስት ነገር አስተማሩ። አንደኛ፣ መጻጉዕ 38 ዓመት ሙሉ ከአልጋው ሳይነሣ ተስፋ አለመቁረጡን። ሁለተኛ፣ ጌታ ከማዳኑ በፊት መዳን ይፈልግ እንደሆነ መጠየቁን። ሦስተኛ፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ያልነበረው በመሆኑ፣ ዛሬም ሰው የሌላቸውን መጠየቅ ግዴታችን መሆኑን። በመጨረሻም በአንድ ሆስፒታል አስታማሚ ስላልነበረው በሽተኛ ተናገሩ። ከጎኑ ያለው ታማሚ ቤተሰቦች ምሳ ሲያመጡ ለእሱም እየጨመሩ ያመጡለት ነበር። ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ አየሁ። ከዚያም "ቃለ ሕይወት ያሰማልን" ተባለ፣ ሕዝቡ ተበተነ።

በመጀመሪያ የፈተንሁት ራሴን ነው። ሐሙስ ማታ ደብተሬን ሳልገልጥ ባዶ ወረቀት ላይ የማስታውሰውን ጻፍሁ። የሆስፒታሉን ታሪክ ሳህኑ ሳይቀር አስታወስሁት። 38 ዓመቱንም አልረሳሁም። ከሦስቱ ነጥቦች አንዱ በደንብ መጣልኝ፣ ሁለተኛው በግማሽ፤ አንዱ ግን ጭራሽ ጠፋ። እኔ እንግዲህ ብዕር ይዤ፣ ለጉዳዩ ብዬ የቆምሁ ሰው ነኝ።

ከዚያ በፊት፣ በዚያው ሳምንት፣ ሌሎችን ጠይቄ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚመልሰው አንድ ዓይነት ነው፤ "በጣም ደስ የሚል ትምህርት ነበር።" "ምኑ ነው ደስ ያለዎት?" ሲባል ዝም። እናቴ የሆስፒታሉን ታሪክ ነገረችኝ፤ እኔ ከሰማሁት ትንሽ ረዝሞ፣ በሽተኛውም ከገጠር የመጣ ሆኖ። ሰባኪው ከየት እንደመጣ አልተናገሩም። የግቢያችን ጥበቃ ደግሞ ያስታወሱት ጥፊውን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ጌታን በተያዘበት ሌሊት በጥፊ የመታው ይኸው የዳነው መጻጉዕ ነው ይባላል፤ ሰባኪው ይህን ያነሡት በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። "ያዳነውን መታ! ሰው እንዲህ ነው" አሉኝ ጥበቃው ራሳቸውን እየነቀነቁ። ለእርሳቸው ስብከቱ ይኸው ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ብድር ሰጥተውት የካዳቸው አንድ ዘመድ አላቸው።

ዋናው ነገር ግን አክስቴ ጋ ነው የገጠመኝ።

አክስቴ ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ነው የምትኖረው፤ የደም ግፊት አለባት፣ ክኒን ትወስዳለች። ሐሙስ ከሰዓት ሄጄ "እትዬ፣ እሑድ ከስብከቱ ምን ያዝሽ?" አልኋት። ፊቷ በራ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት ሐኪም ያቃተውን በአንድ ቃል አዳነዋ! እኔስ ምን ቤት ነኝ? ይኸው ከሰኞ ጀምሮ ክኒኑን ትቼዋለሁ" አለችኝ።

ደብተሬን አየሁ። ሰባኪው ስለ መድኃኒት አንድ ቃል አልተናገሩም። እንዲያውም ምሳሌያቸው ከሆስፒታል የተወሰደ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይም ሐኪም የሚባል ሰው የለም፤ ያለው አምስት መመላለሻ ያለው መጠመቂያ፣ ብዙ በሽተኛ፣ የሚናወጥ ውኃ ነው። ሐኪሙን ወደ ታሪኩ ያስገባችው አክስቴ ናት።

ክፍላችን ውስጥ ላሉ አንባቢያን ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ማስታወስ በተጻፈው መጽሐፉ፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አስነብቦ፣ ከቆይታ በኋላ እንዲጽፉት ያደርግ ነበር። ታሪኩ ያጥራል፣ እንግዳው ነገር ይወልቃል፣ የለመዱት ይተካበታል። ታንኳው ተራ ጀልባ ይሆናል፤ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ይሆናል። ባርትሌት ከዚህ ተነሥቶ ማስታወስ የተቀመጠ ዕቃ እንደማውጣት ሳይሆን እንደገና እንደመሥራት መሆኑን አስረዳ። አክስቴም መጠመቂያውን በምታውቀው ተካችው። እሷ የምታውቀው በሽታ ጤና ጣቢያ ወረፋ ያለበት፣ በየወሩ "ግፊትሽ አልወረደም" የሚባልበት ነው። ስብከቱን አልረሳችውም፤ ይልቁንም በራሷ ኑሮ ላይ አድርጋ ሠራችው። ኤቢንግሃውስን ይዤ "ይረሳል" ስል የሳትሁት ነገር ይህ ነው። የሚያስፈራው መርሳቱ ብቻ አይደለም።

አሁን የማፍርበትን ነገር ልጻፍ። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ እኔ ደስ አለኝ። ግሩም ምሳሌ አገኘሁ ብዬ ቃል በቃል ጻፍሁት፣ ቡናዬን ጠጣሁ፣ ተነሥቼ ሄድሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ለስትሮክ ሊዳርግ እንደሚችል አላውቅም ልል አልችልም፤ አውቅ ነበር። ራሴን ያሳመንሁት "ጠያቂ በሚጠይቀው ሰው ሐሳብ ውስጥ ጣልቃ መግባት የለበትም" በሚል ነው። ምርምር መሆኑ ነው እንግዲህ!

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ቡና ተፈላ። እናቴ፣ አክስቴና አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ነበሩ። አክስቴ ያንኑ ደገመችው። አሮጊቷ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣

"ቆይ እስቲ፤ ሐኪም ከየት መጣ? እዚያ ያለው ውኃ ነው እንጂ" አሏት።

"ሰው ነው ያጣው" አለች እናቴ፤ "ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው።"

"አዎ! አንቺ ደግሞ ሰው መቼ አጣሽ? ልጅሽ በየወሩ መድኃኒቱን ይዞልሽ ይመጣል። እሱ እኮ ነው ወደ ውኃው የሚያወርድሽ።"

አክስቴ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ጽፈህ የለ? አንብበው እስቲ።" ደብተሬን አምጥቼ ሦስቱንም ነጥቦች አነበብሁ። አሮጊቷ የጎደለውን እየሞሉ፣ እናቴ የሆስፒታሉን ታሪክ እንደገና እየተረከች፣ ስብከቱ ሁለተኛ ጊዜ ተሰበከ ማለት ይቻላል። አንደኛው ጀበና አልቆ ሁለተኛው እስኪቀዳ አላለቀም። በመጨረሻ አክስቴ፣

"ታዲያ ሐሙስ ስነግርህ ለምን ዝም አልኸኝ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ እሑድ የንስሐ አባቷን ጠየቀች፤ ጸሎቱንም መድኃኒቱንም እንድትይዝ ነገሯት። ሰኞ ጤና ጣቢያ ስትለካ ግፊቷ ከወትሮው ጨምሮ ተገኘ፤ ደግነቱ የከፋ ነገር ሳይደርስ ክኒኑን ቀጠለች።

ይህ ከሆነ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። "ሰው ምን ያህሉን ያስታውሳል?" ከማለት ይልቅ "የያዘውን ነገር ለማን ይናገረዋል?" የሚለው በለጠብኝ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከቃላቸው የጻፉት 56 ከመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት ያስታወሱት 42 ከመቶ ነው። ከራስ አውጥቶ መናገር ራሱ ማጥናት ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ጥናት የተለካው መጠን ነው። እኛ ቤት የሆነው ግን ከመጠንም ያለፈ ነበር፤ አክስቴ ቡናው ላይ ባትናገረው ኖሮ ስብከቱ በውስጧ ምን ሆኖ እንደተቀመጠ ማንም አያውቅም ነበር። ሰባኪውም ጭምር።

የጥንቶቹ ይህን ያውቁት ነበር። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ሲያስተምር፣ ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ ገበያና ወደ ሥራ መሮጣቸውን ይወቅስ ነበር። ቤት ገብተው መጽሐፉን ይዘው፣ ሚስትና ልጆችን ጠርተው የሰሙትን አብረው እንዲሰበስቡ ይመክራቸዋል። ይኸው ሰው ሕዝቡ በስብከቱ መሀል ሲያጨበጭብለትም ይቆጣ ነበር። ወደ እኛ ስንመጣ፣ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪው የሰማውን መልሶ ለመምህሩ ያሰማል እንጂ ሰምቶ ብቻ አይሄድም። አንዳንድ ሰው "አንድ ቃል ለሁሉም እንደየችግሩ ቢፈታለት ምን አለበት? የእኛስ ትርጓሜ አንድም፣ አንድም እያለ አይደል የሚሄደው?" ብሎኛል። እኔ አይመስለኝም። በአንድምታው ያለው ብዙ ትርጉም ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ ሲታረም የመጣ ነው። የአክስቴ ሐኪም ግን ማንም ያልሰማው "አንድም" ነበር።

ታዲያ ዛሬ ይህ መልሶ መናገር የት አለ? ሰንበቴው አለ፤ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ሰው ይሰበሰባል። እኔ በተቀመጥሁባቸው ጊዜያት ግን የሚወራው ስለ ዕድርና ስለ ኑሮ ውድነት ነበር፤ አልፈርድባቸውም። የዶርም ጓደኛዬ ፕሮቴስታንት ነው፤ በእነሱ ዘንድ የእሑዱ ስብከት በሳምንቱ መሀል በቤት ለቤት ኅብረት ተነሥቶ ይወያዩበታል። ቀናሁባቸው። እሱ ግን ሳቀብኝ፤ "ግማሹ ሰው መሪው መስማት የሚፈልገውን ነው የሚናገረው" አለ። ቡና ላይ ግን ማንም ማንንም ለማስደሰት አይናገርም፤ አሮጊቷ "ሐኪም ከየት መጣ?" ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ስለ ቅጂ አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ የስብከት ካሴት ነበር፣ አሁን ዩቲዩብና ቴሌግራም አለ። የአክስቴ ልጅ ያን የመጻጉዕ ስብከት በስልኩ ቀድቶታል። ሰምቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። "አለ፤ አስቀምጬዋለሁ" አለኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እናቱ ክኒኗን ስታቋርጥ ስብከቱ ሳይበላሽ ስልኩ ውስጥ ነበር። ቅጂ አይጠቅምም አልልም፤ እኔም ደብተሬን አንብቤ ነው ነገሩ የጠራው። ግን ደብተሩም ቢሆን እስከ ቅዳሜ ቦርሳዬ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ አዲስ ልማድ አውጥታለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቡናው ሳይቆላ አታስወራኝም፤ ከተቆላ በኋላ ግን ትጠይቀኛለች፣ ያውም ደብተር ሳልይዝ። ባለፈው እሑድ አንደኛውን ነጥብ ተናገርሁ፣ ምሳሌውን ተናገርሁ፣ ሦስተኛውን ስጀምር ሁለተኛው እንደጠፋኝ ገባኝ። አሮጊቷ ጎረቤታችን ፈገግ አሉ። አክስቴ ጀበናውን ከምድጃው እያወረደች "ቆይ፣ አትንገሩት፤ ራሱ ያምጣው" አለች። አቦሉ ተቀድቶ እስኪጠጣ ድረስ አልመጣልኝም።